አርባው፣ ከካራ ማዶ

ጠዋት ከካራ ወደ መገናኛ የሚመጣ ሰው ተጋፍቶ ነው የሚሳፈረው። እኔ ግን ከከተማ ወጪ ስለነበርኩ መስኮት ሥር መርጬ ተቀመጥኩ። በላምበረት፣ በኮተቤ አድርገን ካራ ስንደርስ ረዳቱ «ወራጅ፣ መጨረሻ!» አለ። ከዚያ ሌላ ታክሲ ወደ ለገጣፎ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ በእግር።

መስከረም 20 ነበር። አደይ አበባው የመንገዱን ዳር ሞልቶታል፤ ጭቃው ግን ገና አልጠነከረም። ባጃጁ ሁለት ጊዜ ተይዞብን ወርጄ ገፋሁ። ነጭ ጫማ አድርጌ መውጣቴ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ሟቹ የሥራ ባልደረባዬ የእህት ልጅ ነው። 14 ዓመቱ ነበር። ነሐሴ 16 ቀን፣ ፍልሰታ በተፈታበት ዕለት፣ ከጓደኞቹ ጋር ሊዋኝ ወርዶ ካባ ውስጥ ቀረ። የሚለበሰውን ካባ ማለቴ አይደለም። ድንጋይ የሚወጣበትን ጉድጓድ ነው። ጾሙን ሁለቱንም ሳምንት አንድ ቀን ሳያጎድል ጾሞት ነበር አሉ።

ስደርስ ፍትሐቱ አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሷል። እድሩ ድንኳኑን ጥሏል። መግቢያው ላይ የልጁ ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል። ከትምህርት ቤት መታወቂያው አንስተው ያሳደጉት ነው፤ ኮሌታው እስከ ጉሮሮው ተቆልፏል፣ ዓይኑ ፈጧል። አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ፎቶውን ሳይ አየኝና «እሱን አይመስልም» አለኝ። «እሱ እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም።»

የሰፈሩ የሆያ ሆዬ አውጪ እሱ ነበር። ዘንድሮ ቡሄ ላይ፣ ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት፣ እያንዳንዱን በር በስሙ እየጠራ፣ ለቆጣቢው ባለ ሱቅ ሳይቀር ግጥም እየገጠመ ሲያስቅ አምሽቷል። ባለ ሱቁ ራሱ ነው ያወራኝ፤ ምን ብሎ እንደሰደበው ሊነግረኝ ጀመረና መሃል ላይ ተወው። ልጁ የገመደው ጅራፍ አሁንም ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከምስማሩ አልወረደም።

እናቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥግ ተቀምጠዋል። «እግዜር ያጽናዎት» አልኳቸው። ሌላ የሚባል ነገር መቼም የለም።

«አሜን። ምን ላድርግ ወንድሜ። በአርባ ቀኑ ነበር ክርስትና ያስነሳሁት። ይኸው ዛሬም አርባው ነው።»

ሰው ሁሉ ዝም አለ። ከዚያ አንዷ ጎረቤት እንጀራ ልትጨምርልን ተነሳች። ደግ አደረገች።

ከምሳ በኋላ ባልደረባዬ ወደ ካባው ወሰደኝ። እኔ አልጠየቅኩትም፤ እሱ ነው ማየት የፈለገው መሰለኝ። አሥር ደቂቃ እንኳ አያስኬድም። ለቤት መሠረት፣ ለግንብ የሚሆነው ጥቁር ድንጋይ ከዚህ ነው የተጫነው። ጎኑ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ወንዝ ሲሆን እግር እያስለመደ ነው የሚጠልቀው፤ ይሄ ግን ዳር የለውም። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ መሬት የለም። ክረምቱ ሞልቶት ውሃው ሻይ በወተት መስሏል፣ ጥልቀቱም አይታወቅም። ዋና ደግሞ የት ይማሩ?

ድንጋዩን ያወጣው ድርጅት ማሽኑን ጭኖ ከሄደ ሦስት ክረምት አልፏል። በ2002 የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ማዕድን አውጪው ቦታውን መልሶ ለማስተካከያ ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። እዚህ የተመደበውን እንጃ። እኔ ያየሁት አጥር ሰፈሩ ራሱ ቆርጦ የጎተተው የግራር እሾህ ብቻ ነው። እሱም በአንድ በኩል ተከፍቶ መሄጃ ወጥቶለታል። ልጆች ናቸው ብዬ ልቆጣ ስል፣ ሁለት ሴቶች ልብስ በሳፋ ይዘው በዚያው ገቡ። ቧንቧው በሳምንት አንዴ ነው አሉን፤ ለዚያውም ሌሊት። ባልደረባዬ «ተጠንቀቁ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ስንመለስ ድንኳኑ እየሳሳ ነበር። በር ላይ የእድሩ ጸሐፊ ትንሽ ጠረጴዛ ይዘው፣ ሰው የሚሰጠውን ብር በደብተር ይመዘግባሉ። ከፊቴ ልጆች ተሰልፈዋል። አንዱ የወተት ዱቄት ጣሳ ታቅፏል።

«ምንድን ነው?» አሉ ጸሐፊው።

«የሆያ ሆዬው ብር ነው፣ ጋሼ። ኳስ ልንገዛበት ነበር።»

«ለኳሳችሁ አድርጉት እንጂ።»

«እሱ ነበር የሚይዘው» አለ ልጁ። ሌላ ምክንያት አልጨመረም።

ጸሐፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ጣሳውን ተቀብለው ቆጠሩ። አብዛኛው ባለ አሥር ብር ነው፤ የተጨማደደውን በመዳፋቸው እያቃኑ፣ ሳይቸኩሉ። 640 ብር ሆነ።

«በማን ስም ልጻፈው?»

ልጆቹ ተያዩ። አንዱ «በሁላችንም» አለ።

«እሺ፣ ስንት ናችሁ?»

«ዘጠኝ» አለ ትንሹ። ትልቁ በክርኑ ነካ አደረገው።

ጸሐፊው ቀና ሳይሉ «የሆያ ሆዬ ልጆች፣ 9» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ስሜን ጠየቁኝ፤ ከሥራቸው ባለው መስመር ላይ ተጻፍኩ።