የቦረና ሣር ምን ነካው?

ባለፈው ዓመት ለሥራ በደቡብ ኦሮሚያ ወዳለው የአርብቶ አደሮች አገር ወደ ቦረና ወርጄ፣ ከያቤሎ ወደ ዱብሉቅ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪናችንን አቁመን ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ አልን። እግሬ ሥር ያየሁት አንድ የሣር ጉቶ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። በዙሪያው ካለው መሬት ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ሥሩ አቅፎ ባስቀረው አነስተኛ የአፈር ጉብታ ላይ ተቀምጧል። ሣሩ ከፍ አላለም፤ ዙሪያውን የነበረው አፈር ነው በጎርፍ ታጥቦ የሄደው። አብረውን የነበሩ አንድ አዛውንት፣ እሳቸው ልጅ ሳሉ በዚያ ቦታ ጥጃ ቢገባ ጀርባው እንደማይታይ ነገሩኝ።

ስለ ቆላ የግጦሽ መሬት መጎዳት ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ከብቱ በዛ የሚል ነው። አባባሉ ፈጽሞ ሐሰት ባይሆንም፣ ጥፋቱን ሁሉ በአርብቶ አደሩ ላይ ስለሚጭን አልቀበለውም። በእኔ እምነት የቦረናን መሬት ከሁሉ በላይ የጎዳው ሁለት ነገሮች እንዲቆሙ መደረጋቸው ነው፤ የከብቱ ጉዞና እሳቱ።

ጉዞውን ለመረዳት ከውሃው መነሳት ያስፈልጋል። በቦረና ቱላ የሚባሉ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አሉ፤ ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ ውሃውን በመቅጃ እየተቀባበሉ ወደ ገንዳው ያወጣሉ። የማጠጫውን ተራ የሚመራው አባ ሄሬጋ ነው፤ በበጋ ከብቱ ውሃ የሚያገኘው በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ነው። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲጥል ደግሞ መንጋው ጉድጓዶቹን ትቶ፣ የዝናብ ውሃ ወደተጠራቀመበት ሩቅ ስፍራ ይሄድ ነበር። የሚታለቡት ላሞችና ጥጆቹ «ወራ» ተብለው ከመንደሩ አጠገብ ሲቀሩ፣ የቀረው መንጋ «ፎራ» ተብሎ ከወጣቶቹ ጋር ርቆ ይሰማራል። በዚህ ሥርዓት በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ሣር በዝናብ ወራት ያርፋል፤ የሩቁ ሣር ደግሞ በበጋ ውሃ ስለማይኖር ማንም አይነካውም። ሣሩን በየተራ ያሳርፈው የነበረው የውሃው እጥረት ራሱ ነበር።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ በልማት ፕሮጀክቶች በየቦታው ትልልቅ ኩሬዎች ተቆፈሩ። ሐሳቡ ቅን እንደነበር አልጠራጠርም፤ ውሃ የተጠማ ሕዝብ ውሃ ማግኘቱን የሚጠላ የለም። ነገር ግን በዝናብ ወራት ብቻ ይጋጥ የነበረው መሬት ኩሬው ከተቆፈረ በኋላ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበት ሆነ፤ መንደር ተመሠረተ፣ ከብቱም እዚያው ቀረ። ዓመታትን የሚቆይ ሣር ዝናብ ሲመጣ የመጀመሪያውን ቅጠል የሚያወጣው ሥሩ ውስጥ ካጠራቀመው ስንቅ ነው። ያ ቅጠል ስንቁን ሳይተካ በየዓመቱ ከተጋጠ ሥሩ እያጠረ ሄዶ ሣሩ ይሞታል። በተራቆተው መሬት ላይ የሚወርደው ጠብታ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ውስጥ አይሰርግም፣ ይፈስሳል እንጂ። መንገድ ዳር ያየሁት ጉቶ የዚህ ሁሉ ውጤት ነው።

እሳቱ ደግሞ በደርግ ዘመን ተከለከለ። ቦረናዎች በበጋው መጨረሻ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ ያረጀውን ሣር እየመረጡ ያቃጥሉ ነበር፤ መዥገሩ እንዲጠፋ፣ አዲሱ ሣር እንዲበቅል፣ ከሁሉም በላይ ቁጥቋጦው እንዳይስፋፋ ሲሉ። እሳት የሣሩን ሥር ሳይነካ ገና የበቀለውን ግራር ያጠፋል። ክልከላው ከመጣ በኋላ ግራሩ ያለ ከልካይ አደገ። ፉሌንሳ የሚሉት፣ በእሾሁ ሥር ባበጠው እብጠት ውስጥ ጉንዳን የሚኖርበት ግራር፣ ዛሬ በጥቁር አፈሩ ሜዳ ላይ ሰው የማያሳልፍ ጥሻ ሆኗል። ፍየልና ግመል ከቅጠሉ ይጠቀማሉ፤ ቦረና የሚታወቅበት ከብት ግን ቅጠል በልቶ አያድርም።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ውሃ የሚቋጥሩት ረባዳ ቦታዎች፣ በበጋ መጨረሻ ሣር የሚገኝባቸው እነዚያው፣ ለበቆሎና ለቦሎቄ ታረሱ። ቀድሞ ለመንደሩ ጥጆች በጋራ ይከለል የነበረው የግጦሽ ቦታ፣ «ከሎ»፣ በየቤተሰቡ አጥር እየሆነ የመንጋውን መተላለፊያ ዘጋ። የወሰን ግጭትም ሰዉን ከለመደው ግጦሽ አስቀረው። በዚህ ላይ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ከብቱ በየሜዳው አለቀ፤ ድርቁ ከባድ ነበር፣ ነገር ግን ያገኘው ቀድሞ የተዳከመ መሬት ነው።

የእሳቱ ክልከላ ኋላ ላይ ላልቶ በጥንቃቄ የማቃጠል ሙከራዎች ተደርገዋል። ችግሩ ለማቃጠልም ሣር ያስፈልጋል፤ ጥሻው ሥር ባዶ አፈር ብቻ ባለበት እሳት አይያዝም። ስለዚህ ግራሩ መጀመሪያ በገጀራ መመንጠር፣ ቦታውም ሣሩ እስኪያገግም ከከብት መጠበቅ አለበት። እኚያን አዛውንት እስከዚያ ከብቶቻቸውን ወዴት እንደሚወስዱ ጠየቅኋቸው። በበትራቸው በምሥራቅ በኩል ያለውን የታጠረ እርሻ፣ ቀጥሎም ከወዲያ ማዶ ያለውን የኩሬ መንደር አመለከቱኝና ዝም አሉ።