አጠገባቸው የሚተኛው ማን ነው?

የአባቴ ማንኮራፋት ሐዋሳ በሚገኘው ቤታችን ለዓመታት መሳቂያችን ነበር፤ እንግዳ ካደረ የቁርስ ወሬ እሱ ነው። እናቴ ግን አትስቅም ነበር፤ ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ሲል ነቅታ ትንፋሹን ትጠብቃለች፣ ከዘገየም ትከሻውን ትነቀንቃለች።

አባቴ «ልቤ ትር ትር ይላል» ብሎ በተመረመረ ጊዜ ኢሲጂው (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ) ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለውን የልብ ምት መዛባት አሳየ፤ የልብ ምቱን የሚቆጣጠር መድኃኒትና፣ በልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ እንዳያስከትል፣ ደም ማቅጠኛ ታዘዘለት። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መዛባቱ ሲመላለስበት አንዲት ሐኪም «ሌሊት አጠገባቸው የሚተኛው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። እናቴ ያን ጊዜ ነበር የመናገር ዕድል ያገኘችው።

የነገረቻቸው የእንቅልፍ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ ደጋግሞ የሚቋረጥበት ሕመም፣ ምልክት ነበር። በዚህ ሕመም የላላው ጉሮሮ ሲዘጋ ደረት አየር ለመሳብ ይታገላል፤ በዚህ ትግል በደረት ውስጥ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ስስ የሆነውን የልብ የላይኛ ክፍል ግድግዳ ይለጥጠዋል፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ ሰውየው ሲባንንም አድሬናሊን ፈስሶ የደም ግፊት ያሻቅባል። ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየ የትንፋሽ መቋረጥ ወይም መቀነስ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ በሰዓት ከ30 በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። የአባቴ 41 ነበር።

ሕክምናው ሲፓፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሰሊቫንና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት፣ በአፍንጫ ጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ የልብ ምታቸው በኤሌክትሪክ ንዝረት ከተስተካከለላቸው ሰዎች መካከል አፕኒያቸው ካልታከመው 82 በመቶው፣ ከታከመው ደግሞ 42 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ መዛባቱ እንደተመለሰባቸው አሳይቷል። ይሁንና በኋላ የተደረጉት ታካሚዎች በዕጣ የተመደቡባቸው ሙከራዎች ያን ያህል ጥቅም አላረጋገጡም፤ ስለዚህ አባቴ መሣሪያውን ስላገኘ ደም ማቅጠኛውን ያቆማል ማለት አይደለም። በእኔ ዓይን ቀን ወንበር ላይ ማንቀላፋቱ መቅረቱ ብቻውን የመሣሪያውን ዋጋ ያወጣል።

ጭምብሉን መልመድ ቀላል አልነበረም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእንቅልፍ ልቡ እያወለቀ ይጥለው ነበር። እናቴም ቢሆን ለዓመታት ጸጥታን ስትፈራ ስለኖረች፣ በአዲሱ ጸጥታ እየባነነች ደረቱን ትዳስስ ነበር። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት መሣሪያው ይቆምና ማንኮራፋቱ ይመለሳል፤ ያኔ በጎኑ ታስተኛዋለች።