ኢንጀክተሩ አልነበረም
መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1994 ኮሮላ ናት። ባለ 1.3 ሊትር ሞተር፣ ባለ ኢንጀክተር፤ ኢንጀክተር ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ነው። ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ገና ሲነካት ትነሳለች። ጣጣው ከሞቀች በኋላ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ የቤንዚን ሰልፍ ላይ ቆማችሁ የምታውቁ ይገባችኋል። አጥፍቶ መጠበቅ፣ አስነስቶ ሁለት ሜትር መጠጋት፣ እንደገና ማጥፋት። የእኔዋ አጥፍቼ ትንሽ ከቆየሁ ሞተሪኖው ቢዞር ቢዞር አልነሳም ትላለች። ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጬ ስይዝ አንገራግራ ትነሳና ጥቁር ጭስ ትለቃለች። ከኋላ ያሉት ባጃጆች ክላክሱን ያቀልጡታል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጀሪካን ቤንዚን ነው። ሰልፉ ሲያንገሸግሸኝ ገዝቼ አውቃለሁ፣ ቆሻሻ አያጣውም። ፊልትሮ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ካንዴላዎቹን ስፈታ አራቱም ጥላሸት ለብሰው ወጡ። ቤንዚን ሲበዛ እንዲህ ነው የሚያደርገው። አዲስ አስገባሁ፣ ሳምንት ሳይሞላው ጠቆረ።

አንድ ጋራዥ "አራቱንም ኢንጀክተር ቀይር" አለኝ። ሌላው "የከፍታው ነው፣ እዚህ አየሩ ስስ ነው" አለ። ከተማችን ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከአየሩ ጋር ራሱን የማያስተካክለው የድሮው ካርቡሬተር ቢሆን አምነው ነበር። የእኔዋ ግን የአየሩን ግፊት የሚለካ ሰንሰር አላት፣ ቤንዚኑን በዚያ ልክ ትመጥናለች።

ከዚያ በኋላ ሳልለካ ብር ላለማውጣት ወሰንኩ። እነዚህ አሮጌ ቶዮታዎች ኮፈኑ ስር ትንሽ የመመርመሪያ ሳጥን አላቸው። ክዳኗ ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 ተብለው የተጻፉትን ሁለት ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኝቼ ቁልፉን ከፈትኩ። ጥፋት ካለ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር መብራት የሞተሩ ኮምፒውተር ያገኘውን በብልጭታ ቁጥር ይናገራል። የእኔ ሳያቋርጥ እኩል እኩል ብልጭ አለ፤ ጤነኛ ነኝ ማለቱ ነው። ኢንጀክተሮቹን በቴስተር ለካኋቸው። አራቱም 14 ኦም አካባቢ። ይሄ ግን ጥቅልል ሽቦው ደህና መሆኑን እንጂ አለማፍሰሳቸውን አይናገርም።

ግራ ሲገባኝ ጡረታ ለወጡት መካኒክ ጎረቤታችን ነገርኳቸው።

"ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ምንም ጥፋት የለም ይላል።"

"ልጄ፣ እሱ የቤንዚኑን ግፊት በምን አይቶ? የሚያዘው ኢንጀክተሩ ለስንት ጊዜ ተከፍቶ እንደሚቆይ ብቻ ነው። እስቲ ሬጉሌተሩ ላይ ያለችውን ቀጭን ጎማ ንቀላት።"

ሬጉሌተሩ ኢንጀክተሮቹ የተደረደሩበት ቧንቧ ጫፍ ላይ ያለች፣ የቤንዚኑን ግፊት የምትቆጣጠር ክብ ብረት ነው። ሞተሩ ሳይግል አስነስቼ ጎማዋን ነቀልኳት። ከጫፏ ቤንዚን ጠብ አለ። ጣቴ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ተነነ። እዚያች ጎማ ውስጥ አንዲት ጠብታ ቤንዚን መኖር አልነበረባትም!

ነገሩ ሁሉ ያኔ ተገለጠልኝ። ሬጉሌተሩ ውስጥ ያለችው ስስ ሽፋን ተቀድዳለች። ቤንዚኑ በጎማዋ በኩል ኮምፒውተሩ ሳያውቀው ወደ አየር ማስገቢያው ይሳባል። ሳጠፋት እዚያው ይጠራቀምና ሞተሩን ያፍነዋል። ነዳጅ ስረግጥ የምትነሳውም በብዛት አየር ስለምታገኝ ነው።

አዲስ ስላጣሁ ከተፈታ መኪና የወጣ ገዛሁ፣ የጎማዋ መግቢያ ቤንዚን እንደማይሸት አረጋግጬ። የላስቲክ ቀለበቱን ግን አዲስ አደረግኩ፤ አሮጌውን መልሶ መግጠም እሳት መጥራት ነው። ሞተሩ በርዶ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅዬ፣ ቧንቧው ውስጥ ግፊት ስለሚቀር በጨርቅ ሸፍኜ ቀስ ብዬ ፈታሁት። ጋሼ ባመጡልኝ መለኪያ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) 2.4 ባር፣ ጎማዋ ስትነቀል 2.9 አሳየ። ሲነቀል ከፍ ማለቱ ሬጉሌተሩ እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው። ዘይቱም ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ስለነበር አብሬ ቀየርኩት። ቤንዚን የገባበት ዘይት ይቀጥናል፣ ሞተር ይበላል።

በማግስቱ ቤዛዊት ተራራ ወጣሁ። ዳገቱ በደንብ አጋላት። ጫፍ ላይ አጥፍቼ አባይን እያየሁ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየሁ፤ የምታስቸግረው እንዲህ ግላ ስትቆም ነበርና። ነዳጅ ሳልረግጥ ቁልፉን ነካሁት። ተነሳች። በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ፣ ጭስ የለም።