ላይትሩም ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ ታስክ ማናጀር ክፈቱ

ጥር ላይ ሰርግ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሰርጉ ያልቃል፣ መልሱ ያልቃል፣ ቅልቅሉም ያልቃል፣ ፎቶው ግን ገና ኮምፒውተር ላይ ነው። ቤት የምሰራበት ላፕቶፕ ዘንድሮ ጭራሽ ብሶበት ላይትሩም (ፎቶ የማስተካክልበት ፕሮግራም) ላይ ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ስሄድ ሎዲንግ የምትለዋ ጽሁፍ ብቅ ትልና እዛው ትቀራለች፣ ኤክስፖዠር ትንሽ ልጨምር ስል ስላይደሩ ቆይቶ ነው የሚከተለኝ፣ የሙሽራዋ እናት ደግሞ ይደውላሉ። "የኔ ልጅ፣ አልበሙ ምን ላይ ደረሰ?" "እማማ ትንሽ ይታገሱኝ፣ እየሰራሁት ነው።" እየሰራ ያለው ግን ፋኑ ብቻ ነበር።

ሰው ስትጠይቁ የምታገኙት መልስ ሁለት ነው፣ ፎርማት አድርጊው ወይ ራም ጨምሪበት። ፎርማት እኮ እዚህ አገር የኮምፒውተር ፓናዶል ሆኗል፣ የትም ቦታ ይመም እሱ ነው የሚታዘዘው።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ታስክ ማናጀር (የኮምፒውተሩ የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደተጨናነቀ የሚያሳየው የዊንዶውስ መስኮት) ይከፈት፣ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግቡና ከጎኑ ላይትሩም ከፍታችሁ የለመዳችሁትን ስራ ስሩ። ልክ ስታክ ሲያደርግ ከሲፒዩ (ዋናው ፕሮሰሰር)፣ ከሜሞሪ (ራሙ)፣ ከዲስክና ከጂፒዩ (ግራፊክስ ካርዱ) ጣራ የነካው የቱ ነው? እኔ ጋ ሲፒዩው ዘና ብሎ ተቀምጧል፣ ዲስኩ ግን 100 ፐርሰንት ላይ ተለጥፎ አልወርድ ብሏል፣ 8 ጊጋዋ ራምም ጢም ብላለች (ክሮምና ቴሌግራም ከኋላ ተከፍተው ስለነበር አይገርምም)።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ባለ 24 ሜጋፒክስል ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያስተካክል ያስቀመጠው ጥሬ ፎቶ) ዲስክ ላይ 25 ወይም 30 ሜጋባይት ቢሆን ነው፣ ፎቶሾፕ ላይ በ16 ቢት ስትከፍቱት ግን 24 ሚሊዮን ፒክስል በ3 ቀለም በ2 ባይት ተባዝቶ 144 ሜጋባይት ይሆናል፣ ያውም ሌየር ሳትጨምሩ። ራሙ ሲሞላ ትርፉ ወደ ዲስክ ይሄዳል፣ ዲስኩ ደግሞ ያ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከረው የድሮው ሃርድ ዲስክ ከሆነ አለቀላችሁ። እሱ ማንበቢያውን ከቦታ ቦታ እያዞረ ስለሆነ የሚፈልገው፣ የተበታተነ ትንንሽ ዳታ በሰከንድ መቶ ጊዜ ገደማ ቢያነብ ነው፣ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው አዲሱ ዲስክ) ግን በአስር ሺዎች ያነባል። ላይትሩም ደግሞ ስራው ከካታሎጉም (የፎቶዎቹና የኤዲቱ መዝገብ) ከፕሪቪውም (ለማየት የሚሰራቸው ትንንሽ ኮፒዎች) ከካሹም (ቶሎ እንዲያገኘው ለጊዜው የሚያስቀምጠው) ትንንሽ ነገር መለቃቀም ነው። ፎቶሾፕ ላይ ከታች በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ቀስት ነክታችሁ ኢፊሸንሲ የሚለውን ምረጡ፣ ቁጥሩ ከ100 ከወረደ ራም አልበቃውም ማለት ነው።

ስለዚህ ኤስኤስዲ አስገባሁ። የድሮው ዲስክ አልተጣለም፣ ዲቪዲ ማጫወቻው ወጥቶ በካዲ (ዲስኩን በዲቪዲው ቦታ የሚይዝ ማቀፊያ) እሱ ቦታ ገባ፣ ዊንዶውሱ፣ ካታሎጉና ካሹ ኤስኤስዲው ላይ፣ ሮው ፋይሎቹ ድሮው ላይ። የካሜራ ሮው ካሹንም ከ5 ጊጋ ወደ 20 ከፍ አደረግሁት። ላፕቶፑ ሲፈታ ከፋኑና ከማቀዝቀዣው ፍርግርግ መሃል የተጋገረ አቧራ ነበረ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈቅፍቄ አወጣሁት፣ ሲፒዩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ይሄም ቀላል ነገር አይደለም። በባትሪ ሲሰራም ፍጥነቱን ሊቀንስ ስለሚችል፣ ቻርጀር ነቅላችሁ ኤዲት የምታደርጉ ካላችሁ ሰኩት።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ምንም ብር የማያስወጣውን ስማርት ፕሪቪው ነው። ፎቶ ስታስገቡ ቢልድ ስማርት ፕሪቪውስ የሚለውን ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ከዛ ፕሪፈረንስ ውስጥ ፐርፎርማንስ ላይ ገብታችሁ ከኦሪጅናሉ ይልቅ በስማርት ፕሪቪው ኤዲት አድርግ የሚለውን ትመርጣላችሁ፣ በቃ። ረጅም ጎኑ 2560 ፒክስል በሆነ ትንሽ ኮፒ ላይ ስለምትሰሩ ስላይደሩ ከእጃችሁ እኩል ይሄዳል፣ ኤክስፖርት ስታደርጉ ግን ከዋናው ፋይል ነው የሚያወጣው፣ ጥራት አይነካም። መጀመሪያ ሲሰራው ጊዜ ይወስዳል፣ እኔ ማታ ለኩሼው እተኛለሁ፣ መብራት ካልሄደ ጠዋት ያለቀ ይጠብቀኛል።

ከኤክስተርናል የምትሰሩ ደግሞ የሰካችሁበትን ቀዳዳ እዩት፣ ዩኤስቢ 2 ከሆነ በሰከንድ ከ40 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም፣ ብዙ ላፕቶፕ ላይ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ነው ፈጣኑ።

አሁን ፎቶ ማገላበጡም ስላይደሩም ተስተካክሏል። ያልተፈታው በፈረንጆቹ 2023 የመጣው የላይትሩም የኤአይ ዲኖይዝ (በጨለማ የተነሳ ፎቶ ላይ የሚታየውን ብናኝ የሚያጠፋው) ነው፣ እሱ የሚሰራው በጂፒዩ ስለሆነ የኔ አይነት ከራም ተበድራ የምትኖር ግራፊክስ ካርድ ላይ ለአንድ ፎቶ ብቻ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ኤስኤስዲም ራምም አይፈይድለትም። ለሱ ብዬ ሌላ ማሽን አልገዛም፣ አዳራሽ ውስጥ በጨለማ ከተነሱት አልበም የሚገቡትን መርጬ ለእነሱ ብቻ አደርጋለሁ፣ የቀረው በተለመደው ኖይዝ ሪዳክሽን ይሄዳል።