ያገለገለ ግሪል የፕሮፔን ነው ወይስ የመስመር ጋዝ? እስካሁን የተማርኩት

ሰላም ለሁላችሁ። ሰመር ሲቃረብ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አካባቢ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ያገለገለ የጋዝ ግሪል እንደ አሸን ይፈላል። ቤት የሸጠው፣ ስቴት የሚቀይረው፣ አዲስ የገዛው ሁሉ የድሮውን በርካሽ ያወጣዋል። አንዳንዱማ ጭራሽ በነጻ ውሰዱልኝ ይላል። እኔም ካለፈው ሰመር ጀምሮ እነዚህን ግሪሎች እየገዛሁ፣ እየፈታሁ፣ እያጸዳሁ ለራሴም ለጓደኞቼም ማዘጋጀት ይዣለሁ። ሥራው ሱስ ያስይዛል። ዛሬ የማካፍላችሁ ከሁሉም በፊት መጣራት ያለበትን አንድ ጉዳይ ነው፦ ግሪሉ የሚሠራው በየትኛው ጋዝ ነው?

ሻጩን ብትጠይቁት ብዙ ጊዜ "ጋዝ ነው" ይላችኋል። ይሄ መልስ አይደለም። አገር ቤት ያደግን ሰዎች የምናውቀው ሲሊንደር ስለሆነ ጋዝ ሲባል ሁሉም አንድ ይመስለናል። እዚህ አሜሪካ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሲሊንደር የሚገዛው ፕሮፔን ነው። ሁለተኛው ከመንገድ በቧንቧ ቤት ድረስ የሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ ነው፣ ኩሽና ውስጥ ያለው ምድጃና ማሞቂያው የሚጠቀሙበት ማለት ነው። ፕሮፔን በጣም ኃይለኛ ነው። አንድ ኪዩቢክ ፉት ፕሮፔን ወደ 2500 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ሙቀት ሲሰጥ፣ ያንኑ ያህል የተፈጥሮ ጋዝ የሚሰጠው 1000 አካባቢ ብቻ ነው። ግፊታቸውም ይለያያል። ፕሮፔን ግሪሉ ውስጥ የሚገባው በ11 ኢንች የውሃ ከፍታ ግፊት ነው፣ ውሃን 11 ኢንች ከፍ የሚያደርግ ግፊት ማለት ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ግሪል ደግሞ እንደ አምራቹ በ4 ወይም በ7 ኢንች ይሠራል። ስለዚህ አምራቹ ከመጀመሪያው የጋዙን መውጫ ቀዳዳ ለሁለቱ ለየብቻ ይሠራዋል፤ ደካማው ጋዝ ሰፊ ቀዳዳ ያገኛል፣ ኃይለኛው ጠባብ።

ይሄን ካወቃችሁ አደጋው ምን ላይ እንደሆነ ይገባችኋል። ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራን ግሪል ከፕሮፔን ሲሊንደር ጋር ብታገናኙት በዚያ ሰፊ ቀዳዳ ከልክ ያለፈ ነዳጅ ይገባል። እሳቱ ረጅምና ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸት ይተፋል፣ ከበርነሩ (እሳቱ ከሚወጣበት ቱቦ) አልፎ ወደ ማዞሪያዎቹ ሊመጣ ይችላል። እጅ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። የፕሮፔኑን ግሪል ከቤት ጋዝ ጋር ካገናኛችሁት ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ እሳቱ ጭል ጭል ይላል እንጂ ሥጋ አይጠብስም። ሁለተኛው ያናድዳል። የመጀመሪያው ግን ሰው ይጎዳል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? መጀመሪያ ሰሌዳውን ፈልጉ። እያንዳንዱ ግሪል ላይ ሞዴሉ፣ ሲሪያል ቁጥሩ፣ የበርነሮቹ ቢቲዩ፣ ግፊቱና የጋዙ ዓይነት የተጻፈበት ትንሽ የብረት ወይም የወረቀት ሰሌዳ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ በኩል፣ ወይም የታችኛው ካቢኔ በር ውስጥ ነው የሚለጠፈው። አንዳንዴ ስብ መቀበያው አጠገብ ተደብቆ ይገኛል። "ናቹራል ጋዝ" (የተፈጥሮ ጋዝ) ወይም "ኤልፒ" ወይም "ፕሮፔን" የሚል ታገኛላችሁ፤ ኤልፒ ሲል ፕሮፔን ማለቱ ነው። የጋዙ ስም ከጠፋ ግፊቱን አንብቡ፤ 11 ካለ ፕሮፔን ነው፣ 4 ወይም 7 ካለ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ሞዴል ቁጥሩም ራሱ ይናገራል። ለምሳሌ ሊንክስ የሚባለው አምራች ሞዴሉ መጨረሻ ላይ "ኤንጂ" (ናቹራል ጋዝ) ወይም "ኤልፒ" ይጽፋል። ሰሌዳው በስብ ከተሸፈነ በብረት ሱፍ እንዳትፈትጉት፣ ጽሑፉ አብሮ ይለቃል። ሙቅ የሳሙና ውሃ የነካ ጨርቅ ትንሽ ደቂቃ አስቀምጡበትና ቀስ ብላችሁ ጥረጉት።

ቀጥሎ ጎማውን እዩ። የፕሮፔን ጎማ አጭር ነው፣ ጫፉ ላይ በእጅ የሚዞር ትልቅ የፕላስቲክ ማሰሪያ አለው፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ክብ ሬጉሌተር ተያይዟል። ያ ሬጉሌተር የግድ ነው፤ በሞቃት ቀን ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ከ100 ፒኤስአይ (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች፣ የግፊት መለኪያ) በላይ ሲሆን እሱ ግማሽ ፒኤስአይ እንኳ ወደማይሞላ ግፊት ያወርደዋል። የተፈጥሮ ጋዝ ጎማ ግን ረዘም ያለ ነው፣ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 12 ፉት፣ ጫፉ ላይ ግፋ ሲሉት ቀጭ ብሎ የሚገባ የነሐስ ማያያዣ አለው። ልዩነቱን አንዴ ካያችሁት አትረሱትም።

የሲሊንደር ማስቀመጫ ስላለው ብቻ ግን ፕሮፔን ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ብዙ አምራቾች ለሁለቱም ዓይነት አንድ ካቢኔ ነው የሚጠቀሙት፣ የተፈጥሮ ጋዙም ግሪል ከታች ያው ክብ ቀዳዳ አለው። ጎማ ደግሞ ይቀየራል። ሰሌዳው እንኳ የሚነግራችሁ ግሪሉ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረ ነው፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ባለቤት ያለፈበት ግሪል ላይ ማን ምን እንደነካካ ሰሌዳው አያውቅም። ለእኔ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የጋዙ መውጫ ቀዳዳ ነው።

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የገዛውን ግሪል እንዳይለት ጠራኝ። ሲሊንደር ተገጥሞለት ነው የተሸጠለት። ጎማው አዲስ፣ ሬጉሌተሩ አዲስ፣ ማሰሪያው በደንብ ይዟል። ላይ ላዩን ሲታይ እንከን የለውም። ካቢኔውን ከፍቼ ባትሪ ሳበራ ሰሌዳው ከበሩ ጀርባ በስብ ተለብጦ አገኘሁት። ስጠርገው መጀመሪያ 4 ቁጥር ወጣች፣ ቀጥሎ "ናቹራል ጋዝ" የሚለው። ሰሌዳውና ጎማው አልተስማሙም ማለት ነው። ሲሊንደሩን አላቀቅንና ሥጋ የሚጠበስበትን ፍርግርግ አነሳነው፣ ቀጥሎ አንዱን በርነር ከኋላ የያዘውን ፒን ነቅዬ አወጣሁት። በርነሩ ሲወጣ የቫልቩ አፍንጫ ይታያል፣ ጫፉ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል የነሐስ ቡሎን አለች፣ መሐሏ ላይ ቀዳዳ። ኦሪፊስ የሚሏት እሷን ነው። ፈትቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥኳትና ቀጫጭን የትራፓኖ ፑንታዎችን በለስላሳው ጀርባቸው በኩል አንድ በአንድ ሞከርኩ። የ1 ሚሊሜትሯ ገብታ ትንገዋለላለች። የ1.5ቷ ልክክ አለች። መካከለኛ በርነር ላይ የፕሮፔን ቀዳዳ 1 ሚሊሜትር ገደማ፣ የተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ 1.5 ገደማ ስለሆነ ነገሩ አለቀ። አንድ ሰው ጎማውን ብቻ ቀይሮ "ፕሮፔን ነው" ብሎ ሸጦታል። ጓደኛዬ ቅዳሜ ልጆቹን ሰብስቦ ሊለኩሰው ነበር። እውነቴን ነው፣ ይሄን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቀዳዳዋን ስትለኩ እንዳትገፉ። ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ፑንታው በግድ ከገባ ቀዳዳዋ ይሰፋል፣ የሰፋ ኦሪፊስ ደግሞ አይጠገንም። አንዳንዶቹ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ቁጥሩ የፑንታ መለኪያ ከሆነ ትልቅ ቁጥር ማለት ትንሽ ቀዳዳ ነው፣ በተቃራኒው እንዳታነቡት።

"ታዲያ ቀዳዳውን በትራፓኖ አስፍቼ ፕሮፔኑን ወደ ቤት ጋዝ ብቀይረውስ?" የሚሉኝ አሉ። አይሆንም። በእጅ የተበሳ ቀዳዳ ትክክለኛ ልክ አይመጣለትም፣ አንዱ በርነር ከሌላው ይለያል። በዚያ ላይ ሬጉሌተሩም መቀየር አለበት፣ የቫልቩ ዝቅተኛ እሳት ማስተካከያም እንዲሁ። የሚቀየር ሞዴል ከሆነ አምራቹ ራሱ ሙሉ መቀየሪያ ኪት ይሸጣል፣ ሞዴል ቁጥሩን ሰጥታችሁ ጠይቁ። ሁሉም ግን አይቀየርም። ዌበር ለምሳሌ ግሪሎቹን ከአንዱ ጋዝ ወደ ሌላው መቀየርን አይደግፍም፣ ስለዚህ ዌበር ስትገዙ ከመጀመሪያው ለቤታችሁ የሚሆነውን ምረጡ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ፕሮፔን ግሪል ላይ እሳቱ በጣም ትንሽ ከሆነ ወዲያው "የተሳሳተ ጋዝ ነው" አትበሉ። የሲሊንደሩ ማያያዣ ውስጥ ጋዝ በድንገት በብዛት ሲወጣ የሚያፍን መከላከያ አለ። ማዞሪያዎቹ ክፍት እያሉ ሲሊንደሩን ከከፈታችሁት፣ ወይም በአንዴ ፈጥናችሁ ከከፈታችሁት፣ መከላከያው ጎማው ተበጥሷል ብሎ ጋዙን ይይዘዋል። ብዙ ደህና ግሪል "ደከመ" ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው በዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁሉንም ማዞሪያ ዝጉ፣ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ ጎማውን አላቁና ትንሽ ቆዩ። መልሳችሁ አጥብቁ፣ ሲሊንደሩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ከዚያ ክዳኑን ከፍታችሁ አንዱን በርነር ለኩሱ። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ ካለው ጤነኛ ነው።

ከመለኮሳችሁ በፊት ግን የሳሙና ውሃ የግድ ነው። የዕቃ ሳሙና በውሃ በጥብጡ፣ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ቀቡ፣ ማዞሪያዎቹ ተዘግተው ጋዙን ክፈቱ። አረፋ ካበጠ ያፈሳል ማለት ነው፣ ዝጉት። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ቤዝመንት መስኮት አጠገብ ከሆናችሁ እዚያ ገብቶ ይጠራቀማል። የተፈጥሮ ጋዝ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱም እንዲሸቱ ተደርገው ነው የሚመጡት፣ ያ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከመጣ ሳትከራከሩ ራቁ።

አሁን ሻጭ ጋ ከመሄዴ በፊት ሁለት ፎቶ ነው የምጠይቀው፦ የሰሌዳውን እና የጎማውን ጫፍ። ሁለቱ ካልተስማሙ ወይም ሻጩ ሰሌዳው የት እንዳለ ለማየት እንኳ ካልፈለገ አልሄድም። ከተስማሙ ሄጄ አንድ በርነር እንድነቅል አስፈቅዳለሁ፤ የሚከለክል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

የጓደኛዬን ግሪል በተመለከተ፣ ቤቱ ውስጥ የጋዝ መስመር አለ ግን ወደ ጓሮ አይወጣም። ፈቃድ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ዋጋ እየተነጋገሩ ነው። እኔ ደግሞ ለአምራቹ ሞዴል ቁጥሩን ልኬ የፕሮፔን ኪት አለው ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። ርካሹ የቱ እንደሆነ ሲታወቅ ዋጋውንም አሠራሩንም እጽፍላችኋለሁ። ተመሳሳይ ኪት የገጠመ ሰው ካለ፣ በተለይ የዝቅተኛ እሳት ማስተካከያውን እንዴት እንዳደረገው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።