ከነርቭ ሕዋስ የሚወጡ ከረጢቶችን ስለይ ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር

የነርቭ ሕዋስ ቆሻሻውን ማስወገድ ሲያቅተው በጥቃቅን ከረጢቶች አሽጎ ወደ ጎረቤቶቹ ይልከው እንደሆነ ለማወቅ የሠራሁትን ሥራ የምጽፈው፣ ሌላው ተመራማሪ በአንዱ ደረጃ ላይ እንደ እኔ ወራት እንዳያባክን ነው።

መነሻው ግልጽ ነበር። ሊሶሶም (የሕዋሱ ቆሻሻ መፍጫ ክፍል) ያረጁ ፕሮቲኖችን የሚሰባብረው የውስጡ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ4.5 እስከ 5 ሲሆን ነው፤ ከሊሶሶም ኢንዛይሞች አንዱን የሚያሠራው ጂቢኤ1 የተባለው ጂን ሲዛባም ለፓርኪንሰን በሽታ ተጋላጭነት ይጨምራል። ሕዋሳቱን አሳደግሁ፤ ሊሶሶምን አሲዳማ የሚያደርገውን ፓምፕ በባፊሎማይሲን ዘጋሁ፤ ሕዋሳቱ ያደጉበትን ፈሳሽ ሰበሰብሁ። እስከዚህ ድረስ የሚያስቸግር ነገር አልነበረም።

ችግሩ ኤክሶሶሞቹን፣ ማለትም ከሕዋስ የሚወጡትን ጥቃቅን ከረጢቶች፣ መለየት ላይ ነው። የተከተልሁት መመሪያ ፈሳሹን ከመሬት ስበት 100,000 እጥፍ በሆነ ኃይል አሽከርክሮ ዝቃጩን መውሰድ ይበቃል ይላል። አይበቃም። ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ከሚሆኑት ከረጢቶች ጋር የተጓጎለ ፕሮቲንም አብሮ ይዘቅጣል፤ አልፋ-ሲኑክሊን የተባለው የነርቭ ሕዋስ ፕሮቲን ደግሞ በፓርኪንሰን በሽታ የሚታወቀው በመጓጎሉ ነው። ለሕዋሳቱ የሚጨመረው የጥጃ ፅንስ ሴረምም የራሱ ከረጢቶች አሉት፤ ከረጢቶቹ ተወግደውለታል ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን ፈጽሞ አይጠራም። ይህን ለሻጩ ድርጅት ደጋግሜ ብጽፍም መልሱ ያንኑ የመመሪያ ገጽ መጥቀስ ብቻ ነበር፤ እስካሁን ያናድደኛል።

እውነቱን የለየልኝ ፕሮቲን የሚሰባብረው ኢንዛይም፣ ፕሮቲኔዝ ኬ ነው። ዝቃጩን ለሦስት ከፍዬ አንዱን እንዳለ ተውሁት፤ ለሁለተኛው ኢንዛይሙን ብቻ፣ ለሦስተኛው ኢንዛይሙን ከዲተርጀንት (የከረጢቱን ሽፋን ከሚያሟሟ ሳሙና መሰል ነገር) ጋር ጨመርሁ። ከረጢቱ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ኢንዛይሙን ብቻውን ይቋቋማል፤ ሽፋኑ በዲተርጀንት ሲሟሟ ግን ይጠፋል። ሦስተኛውን ክፍል ለመቆጠብ ብሎ መተው አይገባም፤ የተጓጎለ አልፋ-ሲኑክሊን ያለ ሽፋንም ኢንዛይሙን በከፊል ስለሚቋቋም፣ ያለ ዲተርጀንቱ ፈተና የታሸገ ይመስላል። ከእኔ ዝቃጭ አብዛኛው ፕሮቲን ከከረጢት ውጭ የነበረ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ በእኔ እምነት፣ መመሪያው ቢፈቅድም፣ ፈሳሹ በሚሰበሰብበት ጊዜ ሴረም ጨርሶ መግባት የለበትም። ባፊሎማይሲን ሲቆይ ሕዋስ ስለሚገድል፣ የሞቱ ሕዋሳት ፍርስራሽ እንደ ምልክት እንዳይቆጠር ኤልዲኤች (ሕዋስ ሲሞት ወደ ውጭ የሚፈስ ኢንዛይም) ከዚያው ፈሳሽ ይለካ።

በከረጢት ውስጥ የቀረው የፕሮቲን መጠን ትንሽ ነው፤ ሊሶሶም ሲዘጋ ግን በእርግጥ ጨምሯል፤ በዚህ ውጤት እኮራለሁ። አንድ ገምጋሚ ግራፉ ጎልቶ እንዲታይ የዝቃጩን ጠቅላላ መጠን እንዳስገባ ቢጠይቀኝም አልተቀበልሁም።