ነጠላ ጫፍ ላይ የታሰረው «ኔጋቲቭ»

ሱሉልታ አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ጠዋት ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዤ እንጦጦን ተሻግሬ ስደርስ ጣቴ ደንዝዞ ስቴቶስኮፕ መያዝ ያቅተኛል። ምርምር የሚባል ነገር የጥቁር አንበሳ ሰዎች ሥራ ይመስለኝ ነበር። እኛ ጋ ያለው ሳል፣ የሞተር አደጋ፣ ወሊድ ነው። ምኑ ይጻፋል?

አንድ ሌሊት ዱቲ ላይ ሳለሁ አንዲት ሴት ከአማቷ ጋር መጣች። የወር አበባዋ ከቀረ አራት ወር ገደማ ሆኖታል። ደም ይፈሳታል፣ የበላችው አይረጋላትም። ሆዷን ስዳስስ ማህፀኗ እምብርቷን አልፏል፤ የአራት ወር አይመስልም። ደም ግፊቷም ከፍ ብሏል። ግፊት ከ20 ሳምንት በፊት ሲመጣ ደግሞ ቆም ብሎ ማሰብ ይፈልጋል።

የሽንት የእርግዝና ምርመራ አዘዝኩ። ኔጋቲቭ።

አማቷ በኦሮምኛ የሚሉትን የጽዳት ሠራተኛችን ተረጎመችልኝ፦ «ክሊኒክም እርጉዝ አይደለሽም ብለዋታል። ታዲያ ሆዷ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር የማስበው ስለ ዕጢ ነበር። ያዳነን የላብራቶሪው ልጅ ነው። «ዶክተር፣ ሽንቱን በውሃ አቅጥኜ ልድገመው?» አለኝ። እሺ አልኩ፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ። ሲያቀጥነው ሁለተኛዋ መስመር ደማቅ ሆና ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስትሪፑ፣ ማለትም ሽንት የሚነከረው መመርመሪያ ወረቀት፣ ላይ የእርግዝናውን ሆርሞን፣ ኤችሲጂን፣ የሚይዙ ሁለት ዓይነት ፀረ እንግዳ አካላት አሉ። አንዷ ሆርሞን በሁለቱ መሃል ተይዛ ስትቆም ነው መስመሩ የሚታየው። ሆርሞኑ ከመጠን በላይ ሲትረፈረፍ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ይዞ ይቀራል፣ አንዷን ለሁለት የሚይዝ ይጠፋል። መስመር የለም። ስለዚህ በጣም ብዙ ሆርሞን ያላት ሴት ምንም የሌላት መስላ ትወጣለች። ስታቀጥነው እውነቱ ይመጣል።

ይህን ያህል ሆርሞን ከየት መጣ? አልትራሳውንዱ ነገረን። መጽሐፉ «የበረዶ ውሽንፍር» ይላል፣ እኔ ግን ያየሁት የማር እንጀራ ነበር፤ ጥቃቅን ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ሕፃን የሚባል የለም። ሞላር እርግዝና። ሙሉ በሙሉ ሞላር በሆነው ዓይነት የእናትየው ዘረመል ከእንቁላሏ ይጠፋና ክሮሞዞሙ ሁሉ ከአባት ብቻ ይሆናል። ልጅ አይፈጠርም። የእንግዴ ልጁ ብቻ ውሃ ቋጥሮ እንደ ወይን ዘለላ ያብጣል፣ ኤችሲጂውንም ያለ ልክ ያመርታል። ማስመለሱም ከዚያ ነው።

ደም እንዲዘጋጅላት ደውለን ወደ ከተማ ሪፈር አልናት። እዚያ ማህፀኗ ተጠረገ። እኔ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ዋናው ነገር ግን ገና መጀመሩ ነው። ሞላር ከተጠረገ በኋላ ኤችሲጂው በየሳምንቱ ይለካል፤ ምክንያቱም ሙሉ ሞላር ከገጠማቸው ከ100 ሴቶች ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ላይ የቀረው ሴል እንደ ካንሰር ማደጉን ይቀጥላል። የእሷ መጀመሪያ ወረደ፣ ከዚያ ቆመ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ተለክቶ ከሞላ ጎደል ያው ከሆነ ሕክምና ይጀመራል። ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የኬሞ መድኃኒት ጀመሩላት።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ሳነበው እንቅልፍ ስለነሳኝ። እ.ኤ.አ. 1956 አሜሪካ ውስጥ ሚን ቹ ሊ የሚባል ሐኪም በዚሁ መድኃኒት ከእንግዴ ልጅ የሚነሳ ካንሰር አዳነ። በኬሞ ብቻ የዳነ የመጀመሪያው ጠጣር ካንሰር (እንደ ደም ካንሰር ሳይሆን ዕጢ የሚሠራ) ነው የሚባለው። ዕጢው በራጅ ከጠፋ በኋላም ኤችሲጂው ዜሮ እስኪሆን መድኃኒቱን አላቆመም። በሽተኛን አላግባብ ትመርዛለህ ተብሎ ከሥራ ተባረረ። ኋላ ቀድመው ያቆሙት በሽተኞች ሲያገረሽባቸው የእሱዎቹ ድነው ተገኙ፣ በ1972 ትልቁን የላስከር ሽልማት ተሸለመ።

ለእሷም ያስፈራኝ ይኸው ነበር፦ እስከ ዜሮ ትመላለስ ይሆን? ታክሲው አለ፣ እርሻው አለ፣ ጎረቤት «ምን ሆና ነው?» የሚለው አለ። ተመላለሰች። መሃል ላይ ግን አማቷ ለእርጉዝ የሚሰጠውን የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ከጎረቤት ለምነው «ደም ይተካላት» ብለው ይሰጧት እንደነበር ሰማን። ሜቶትሬክሴት የሚሠራው ፎሌትን፣ ያንኑ የፎሊክ አሲዱን ቤተሰብ፣ በመቃወም ነው! አማቷን አልቆጣኋቸውም። ለእርጉዝ ጥሩ ነው ብለን ያስተማርናቸው እኛው ነን፣ እሷ ደግሞ እርጉዝ እንዳልነበረች በደንብ ያስረዳቸው የለም። እንክብሉ ቆመ፣ ኤችሲጂው ወደ ዜሮ ወረደ።

ያኔ ነው ኬዝ ሪፖርት፣ ስለ አንድ በሽተኛ የሚጻፍ የሕክምና መጽሔት ጽሑፍ፣ ልጻፍ ያልኩት። ለአንድ የድሮ መምህሬ ደወልኩ። «ይሄ ስንት ጊዜ ተጽፏል፤ ያንተ አዲሱ ምንድን ነው?» አሉኝ። ሳምንት ሙሉ ቅር አለኝ። በኋላ ስገላብጠው ልክ ናቸው። የተጻፉት አብዛኞቹ የደም ኤችሲጂ በሰዓታት ውስጥ ከሚለካበት ሆስፒታል ነው። እኔ መናገር የምችለው ስትሪፕ ብቻ ላለው ቦታ ነው፦ ሆድ ትልቅ፣ ስትሪፕ ኔጋቲቭ ከሆነ አቅጥነህ ድገም። ሞላር ምን እንደሆነ የሚያስተምሩትን ሦስት ገጾች ቆረጥኳቸው። የቀረው ቀለል አለኝ።

ከዚያ ትልቁ ጉድ መጣ። ካርዷን አስወጥቼ ሳይ የመጀመሪያው ኔጋቲቭ የለም። የላብራቶሪው መዝገብ ላይም «ፖዘቲቭ» ብቻ ነው ያለው፤ ልጁ የመጀመሪያውን ስህተት መስሎት አልጻፈውም። በስንት እጥፍ እንዳቀጠነውም አያስታውስም። እኔስ? የሌሊቱ ማስታወሻዬ አራት መስመር ነው፣ አንዱን ራሴም ማንበብ አልቻልኩም። የጽሑፉ ፍሬ የሆነው ነገር ማስረጃ የለውም ማለት ነው።

ለክትትል ስትመጣ እንዲያው ብጠይቃት የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ተጣጥፋ የለሰለሰች ወረቀት። ክሊኒኩ የሰጣት፣ ቀን ያላት፣ «ኔጋቲቭ» የተጻፈባት። «ትፈለጋለች ብዬ» አለች።

ፈቃዷን በጽሑፍ የወሰድነው ያኔ ነው፣ በኦሮምኛ ተነቦላት፣ ከዳነች በኋላ፣ እምቢ ብትል ሕክምናዋ እንደማይነካ ተነግሯት። የመጀመሪያ ረቂቄ ላይ ዕድሜዋን፣ ሥራዋንና ሰፈሯን ጽፌ ነበር። የጽዳት ሠራተኛችን ሰምታ ሳቀች፤ «ስሟን ብትጽፈው ይሻል ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሦስቱ ሲደመሩ ስም ናቸው። አወጣኋቸው።

ለአጻጻፉ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን ኬር የተባለ መመሪያ ተከተልኩ። የጊዜ ሰንጠረዡን መጀመሪያ መሥራቴ በጣም ጠቀመኝ፤ ቀኖቹ ሲደረደሩ የጎደለው ራሱ ይታያል። ጽሑፉን ሳልጨርስ እንኳን «ክቡር ፕሮፌሰር» እያሉ ገንዘብ ክፈልና በአራት ቀን እናትምልህ የሚሉ ኢሜይሎች መጡ። ፕሮፌሰርነቱ ደስ አይልም አልልም፣ ግን አለፍኳቸው። የላክሁበት የመጀመሪያው መጽሔት መለሰው። ሁለተኛው ላይ ገምጋሚው የጠየቀኝ ያንኑ የፈራሁትን ነው፦ ስንት እጥፍ ተቀጠነ? በአሥር ብዬ መጻፍ ይቻል ነበር፣ ማንም አያውቅም። «አልተመዘገበም» ብዬ ጻፍኩ፣ እንደ ጉድለትም አስቀመጥኩት። ተቀበሉት። አሁን መዝገባችን ላይ የመጀመሪያው ውጤትና ከተቀጠነ በኋላ ያለው ለየብቻ ዓምድ አላቸው። ልጁ በቀይ እስክሪብቶ ነው ያሰመረው።

የታተመውን ይዤ አሳየኋት። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠቻቸው።

«ስሜ የታለ?»

ለምን እንዳልተጻፈ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። «እሺ፤ ወረቀቴስ?»

መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች። አውጥቼ ሰጠኋት። አጠፈቻት፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ መልሳ ቋጠረቻት፣ አማቷ ታክሲ ይዘው እየጠበቋት ስለነበር ቸኩላ ወጣች።